ለንደን በሰዓቷ፦ የአንድ አስጎብኚ ማስታወሻ

ለንደን ውስጥ ጉብኝት የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በሰዓት ነው። ሕንፃዎቹ የትም አይሄዱም። የሚያመልጠው የጠዋቱ ብርሃን፣ የዘቡ ሰልፍና ቲኬቱ ላይ የተጻፈው የመግቢያ ሰዓት ነው። ስለዚህ እንግዶቼን ተቀብዬ መጀመሪያ የማወራቸው ስለ ነገሥታት ሳይሆን ስለ ሰዓት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።)

ከኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ እስከ ማርች የመጨረሻ እሑድ ባለው ጊዜ ከለንደን ሰዓት ላይ ሦስት ሲቀነስ የእኛ ሰዓት ይወጣል። ለንደን ጠዋት 9 ሲል አዲስ አበባ ስድስት ሰዓት፣ ቀትር ነው። በቀሪው ወራት እነሱ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ስለሚገፉ የሚቀነሰው አራት ይሆናል። ይህ ለስልክ ጥሪ ነው። ለጉብኝት ግን አደገኛው ሌላ ነው፤ ቲኬቱ 2፡00 ሲል አገር ቤት የለመደ ሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት ብሎ ይረዳዋል፣ እነሱ የሚሉት ደግሞ የእኛን ስምንት ሰዓት ነው። የነገሥታቱ ዘውዶች በሚታዩበት ጥንታዊ ምሽግ፣ በታወር ኦፍ ለንደን በር ላይ ይህን ማስረዳት ከባድ ስለሆነ እኔ ሁልጊዜ 14፡00 ብዬ እጽፍና «ከምሳ በኋላ» ብዬ እጨምርበታለሁ።

ብርሃኑም ያታልላል። ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ16፡00 በፊት ነው፤ በእኛ አነጋገር አሥር ሰዓት እንኳ ሳይሞላ። ጁን ላይ ደግሞ ምሽት 21፡20 ገደማ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ፣ ገና ብርሃን ነው። በገና ሰሞን የሚመጣ ሰው የውጪውን ሁሉ ከምሳ በፊት ጨርሶ ሙዚየሙን ለከሰዓት ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። የብሪታንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች ቋሚ ስብስባቸው ከ2001 ጀምሮ በነፃ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ አንድ ሰዓት ብቻ ቆይቶ መውጣትም አያስቆጭም።

ከመንገዱ በፊት የትራንስፖርቱ ነገር። ከምድር በታች በሚሄደው ባቡር፣ እነሱ ቲዩብ በሚሉት፣ ሲገባም ሲወጣም በሩ ላይ ያለው መሣሪያ በባንክ ካርድ ወይም በስልክ ይነካል። በብዛት የማየው ስህተት በስልክ ገብቶ በካርድ መውጣት ነው። ሁለቱም ከአንድ የባንክ ሂሳብ ቢቆርጡም መሣሪያው የሚቆጥራቸው እንደ ሁለት መንገደኛ ነው፤ አንዱ ገብቶ ያልወጣ፣ ሌላው ሳይገባ የወጣ። ሁለቱም ላይ ከፍተኛው ዋጋ ይቆረጣል። በአንድ ካርድ ሁለት ሰው ማሳለፍም አይቻልም። አውቶቡስ ላይ ግን የሚነካው ሲሳፈሩ አንዴ ብቻ ነው፣ ጥሬ ገንዘብም ከ2014 ወዲህ አይቀበልም። መጀመሪያ ከነኩበት ሰዓት ጀምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ቢይዙ ሁለተኛው አያስከፍልም። የባንክ ካርዱ የማይሠራለት ሰው ኦይስተር የሚባለውን ካርድ ገዝቶ ገንዘብ ይሞላበታል። በሥራ ቀን ከ6፡30 እስከ 9፡30 እና ከ16፡00 እስከ 19፡00 ባቡሩ ይወደዳል፣ ይጨናነቃልም። በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ የሚቆም ሰው በቀኝ ነው የሚቆመው። ግራው ለሚቸኩል ነው፣ እዚያ ሻንጣ ይዞ መቆም የከተማውን ሰው ከሚያናድዱ ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። መኪና በግራ ስለሚነዳ መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ መመልከት ያስፈልጋል፤ አስፋልቱ ላይ የተጻፈው ነጭ ጽሑፍ ለእኛው ለእንግዶች ነው።

ጠዋት የምጀምረው ከዌስትሚንስተር ነው። ከጣቢያው ሲወጡ ሰዓቱ ያለበት ግንብ ከራስ በላይ ስለሚሆን ሁሉም አንገቱን ሰብሮ እዚያው ፎቶ ማንሳት ይጀምራል፣ የሚወጣለት ግን ግማሽ ግንብ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ማዶ ካለው ሆስፒታል ፊት ለፊት መቆም ይሻላል። ፓርላማው በወንዙ በኩል ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ በሙሉ ታበራዋለች፣ ከሰዓት በኋላ ግን ካሜራው ከፀሐይ ጋር ይጣላል። ድልድዩ ላይ በሦስት ኩባያ ኳስ እየደበቁ የሚያስቆምሩ ሰዎች አሉ። ያሸነፈ የሚመስለው ሰውም የእነሱው ነው፣ ቆሞ ማየትም አያስፈልግም፣ ኪስ የሚዳሰሰው በዚያን ጊዜ ነው። ስልክም በመኪናው መንገድ በኩል ባለው እጅ አይያዝም፣ በብስክሌት እያለፉ ይነጥቃሉ።

ቢግ ቤን የደወሉ ስም ነው። 96 ሜትር የሚረዝመው ግንብ ከ2012 ጀምሮ ኤልዛቤት ግንብ ይባላል። ደወሉ 13.7 ቶን ይመዝናል። በ1859 ሥራ በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለተሰነጠቀ ትንሽ አዙረው ቀለል ያለ መዶሻ ገጠሙለት፣ ድምፁ እስከ ዛሬ ያ ስንጥቅ አለበት። ሰዓቱን የሚያስተካክሉት ፔንዱለሙ ላይ የድሮ ሳንቲም በመደርደር ነው። አንድ ፔኒ ሲጨመር ሰዓቱ በቀን 0.4 ሰከንድ ይፈጥናል። ስለ እንግሊዝ ጠባይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ከ1066 ጀምሮ ንግሥና የሚፈጸምበት ዌስትሚንስተር አቢ እዚያው ጎን ነው። እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው፣ ለጸሎት ግን ክፍት። መግቢያው ውድ ለሆነበት ሰው የማታውን የመዝሙር ጸሎት እመክራለሁ፤ በነፃ ነው፣ መዘምራኑም እውነተኞች ናቸው። ጫማ አይወለቅም፣ እየዞሩ ማየትና ፎቶ ማንሳት ግን በዚያ ሰዓት አይቻልም።

የንጉሡ ዘብ የሚቀያየረው ብዙውን ጊዜ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና እሑድ በ11፡00 ነው። ከባድ ዝናብ ከመጣ ይሰረዛል፣ ስለዚህ ማታውኑ የሠራዊቱን መርሐ ግብር ማየት ያስፈልጋል። ሕዝቡ ከ9፡30 ጀምሮ የበኪንግሃም ቤተ መንግሥትን አጥር ይዞ ይቆማል፣ ዘግይቶ የመጣ የሚያየው የሰው ጀርባና ወደ ላይ የተዘረጋ ስልክ ነው። እኔ አጥሩን ትቼ በርድኬጅ ዎክ በሚባለው መንገድ ላይ ከዌሊንግተን የጦር ሰፈር ፊት እቆማለሁ። አዲሱ ዘብ ከሙዚቃው ጋር ከ11፡00 ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ከዚያ ይወጣል፣ በአራት እርምጃ ርቀት ያልፋል። እንግዶቼን የማሠራቸው ደግሞ ዘቦቹ ከየትኛው የጦር ክፍል እንደሆኑ የሚለይ ቆጠራ ነው። የኮታቸው ቁልፍ አንድ አንድ ከሆነ ግሬናዲየር፣ ሁለት ሁለት ኮልድስትሪም፣ ሦስት ሦስት ስኮትስ፣ አራት አራት አይሪሽ፣ አምስት አምስት ዌልሽ ጋርድ ናቸው። በሙቀቱ ወራት ቀዩ ኮት ላይ፣ በብርዱ ወራት ግራጫው ካፖርት ላይ ነው የሚቆጠረው። ልጆች ይህን አንዴ ከያዙ ወላጆቻቸውን መፈተን ይጀምራሉ።

ያመለጠው ሰው ወደ ሆርስ ጋርድስ ይሂድ። እዚያ በየቀኑ 16፡00 ላይ ፈረሰኞቹ ይፈተሻሉ። እንደሚነገረው ንግሥት ቪክቶሪያ በ1894 ዘቦቹን ሲጠጡና ቁማር ሲጫወቱ ስላገኘቻቸው ለመቶ ዓመት በየቀኑ እንዲፈተሹ ቀጣች። ቅጣቱ በ1994 አለቀ፣ ፍተሻው ግን ቀጠለ።

ስለ ታወር ኦፍ ለንደን አጭር ነኝ። እንደተከፈተ በቀጥታ ወደ ዘውዶቹ መሄድ፣ የቀረውን በኋላ ማየት ነው። ከረፈደ ሰልፉ አያልቅም። 530 ካራት የሚሆነው ኩሊናን አልማዝ በትረ መንግሥቱ ላይ ነው። ቢፍኢተር የሚባሉት ጠባቂዎች ቢያንስ 22 ዓመት በሠራዊት ያገለገሉ ናቸው፣ የእነሱ ማብራሪያም በቲኬቱ ውስጥ ስለሚካተት በእነሱ ፊት እኔ ዝም እላለሁ። ጎኑ ያለው ባለ ሁለት ግንቡ ድልድይ፣ በ1894 የተከፈተው፣ ታወር ብሪጅ ነው። ብዙ ሰው ለንደን ብሪጅ ብሎ ታክሲ ይጠራና ተራ ኮንክሪት ድልድይ ላይ ይወርዳል።

ምግብ ላይ ጿሚዎች ይጠይቁኛል። «ቬጀቴሪያን» የጾም አይደለም፣ ወተትና እንቁላል አለበት። የጾም የሚሆነው «ቪጋን» የተባለው ነው። የተጠበሰ ድንችም ቢሆን በአንዳንድ ቤት፣ በተለይ በሰሜኑ፣ በከብት ሞራ ስለሚጠበስ መጠየቅ ይገባል። ፐብ በሚሉት መጠጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ አስተናጋጅ መጠበቅ ሌላው ችግር ነው። ባንኮኒው ጋ ሄዶ አዝዞ፣ ከፍሎ፣ ይዞ መመለስ ነው። ሰልፉ አይታይም፣ ግን አለ። ከእናንተ በፊት ማን እንደነበር ሁሉም ያውቃል፣ ሳትጠየቁ «እሳቸው ይቀድማሉ» ብትሉ ትከበራላችሁ። ቢራ የሚለካበት አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ለራት ቀጠሮ ያለው ግማሹን ይዘዝ። አብሮ የሚጠጣ ሰው በተራ ለሁሉም ይገዛል። እዚህ ላይ የእኛ «እኔ እከፍላለሁ፣ ሞቼ እገኛለሁ!» አይሠራም። የሌላውን ተራ መቀማት ደግነት አይደለም፣ የራስን ተራ ሳይገዙ መሄድ ደግሞ አይረሳም። «ኦልራይት?» ሲሏችሁ ስለ ጤናችሁ መዘርዘር አያስፈልግም፣ «ኦልራይት» ብሎ ማለፍ ነው። «አንድ ቀን ቤት መጥታችሁ እራት እንብላ» ሲሉም ቀኑ ካልተቆረጠ ግብዣ አይደለም።

ሁለተኛ ቀን ያለው ሐበሻ ከለንደን ወጣ ብሎ ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ዊንዘር ይሂድ። ከዋተርሉ ጣቢያ ሳይቀይሩ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቤተ መንግሥቱ አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ ነው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባለው ቤተ መቅደስ ደግሞ እሑድ ለጎብኚ አይከፈትም። ስለዚህ የሚቀሩት ሰኞ፣ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ናቸው። መግቢያው ላይ እንደ አየር ማረፊያ ይፈተሻል፣ ትልቅ ሻንጣ ይዞ መምጣት አይጠቅምም።

ቤተ መቅደሱ ውስጥ ሄንሪ ስምንተኛና ኤልዛቤት ሁለተኛ ተቀብረዋል፣ ሰዉ የሚሰለፈው ለእነሱ ነው። የእኛ ሰው የሚፈልገው የልዑል አለማየሁ ቴዎድሮስን ስም የያዘውን የናስ ሰሌዳ ነው። ከመቅደላ በኋላ በ1868 በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፣ በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ውስጥ ሞተ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ እዚህ ተቀበረ። አስከሬኑ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 የሌሎችን አጽም ይረብሻል ብሎ አልተቀበለም። ሰሌዳውን በራስ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፣ አገልጋዮቹን «ፕሪንስ አለማየሁ» ብሎ መጠየቅ ነው። ጽሑፉ ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደ ነው፤ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» ይላል። ይህን ጥቅስ ስተረጉም ምንም አልጨምርበትም፣ እንግዶቼ ራሳቸው ዝም ይላሉ። ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። መቃብሩም ከሰሌዳው ሥር አይደለም፤ ከቤተ መቅደሱ ውጪ፣ ከመሬት በታች ባለው የመቃብር ዋሻ ውስጥ ነው፣ ወደዚያ ጎብኚ አይገባም።