ሴትየዋ ማን ናት?

ፍሮንት ዴስክ የሠራ ሰው ያውቀዋል። መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻ ከሆቴሉ ብዙ የማይርቅ ሰው ክፍል ከያዘ ምክንያቱ ከሦስት አይዘልም። ወይ ቤቱ ቧንቧ ፈንድቷል፣ ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል፣ ወይ ሚስቱ እንድታውቅ የማይፈልገው ነገር አለ። የእኛ ሰውዬ ሚስት አልነበረውም። ቧንቧውም ደህና ነበር።

ከተማውን አልናገርም። ሐበሻ በየሆቴሉ የሚሠራበት፣ የኤን ኤች ኤል፣ ማለትም የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ቡድንም ያለው ከተማ ሞልቷል። ዴንቨር አለ፣ ሲያትል አለ፣ ዳላስ አለ፣ ዲሲ አለ፣ ቶሮንቶና ካልጋሪ አሉ። ሌላም ሌላም ነገር ቀያይሬያለሁ። እኔ ምስጢር ጠባቂ ሰው ነኝ፤ ቀጥሉ፣ አንብቡ።

እንግዳ ቡድኖች የሚያርፉት እኛ ጋ ነበር። ቡድን ሲመጣ ሁሉ ነገር ቀድሞ ያልቃል። ቁልፉ በፖስታ ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል። ኮከቦቹ በውሸት ስም ይመዘገባሉ። የቡድኑ ጥበቃ ፎቃቸው ላይ ሊፍቱ ፊት ወንበር ይዞ ይቀመጣል። ከጨዋታው በፊት ያለችውን ሌሊት ያድራሉ፣ በማግስቱ ተጫውተው ከአሬናው በቀጥታ ወደ አውሮፕላን።

ሰውዬው ግን የእንግዳው ቡድን አልነበረም። የከተማው ቡድን ተከላካይ ነው። ፂማም፣ ግዙፍ፣ እንደ ብዙ የሙያ ጓደኞቹ ፊት ለፊት አንድ ጥርስ የጎደለው። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ይመጣል። ሁልጊዜ አራተኛ ፎቅ፣ ደረጃው አጠገብ ያለውን ክፍል ይጠይቃል። ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። በፈረንጅ አገር ዲስካውንት የማይጠይቅ ሰው መቼም አንድ የሚደብቀው ነገር አለ።

ናይት ኦዲት ላይ፣ ማለትም የቀኑ ሂሳብ በሚዘጋበት የሌሊት ፈረቃ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሥራ የለም። እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ብዬ ሰውዬው ክፍል የያዘባቸውን ሌሊቶች ከቡድኖቹ ዝርዝር ጋር አስተያየሁ። ሁሌም አንድ ቡድን ሲመጣ ነው። ያውም ከተማው አምርሮ የሚጠላው ቡድን። በዚያ ቡድን ውስጥ ደግሞ ከእኛ ሰውዬ ጋር በተገናኙ ቁጥር የሚደባደብ አንድ አጥቂ አለ። አንድ ሌሊት ይሄው አጥቂ በሶክስ ብቻ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ በደረጃው ወደ አራተኛ ፎቅ ሲወርድ በካሜራ አየሁት። ስክሪኑን ወደ ፓርኪንጉ ቀየርኩት።

ለምን እንዲህ ተደበቁ የሚል ካለ ስፖርቱን ይይ። የቅርጫት ኳሱ ጄሰን ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2013 ወንድ አፍቃሪ መሆኑን በይፋ እስኪናገር ድረስ ቦስተንም ዋሽንግተንም ሲጫወት 98 ቁጥር ለብሶ ነበር። ቁጥሩ በ1998 ዋዮሚንግ ውስጥ ወንድ አፍቃሪ በመሆኑ ተደብድቦ ለተገደለው ተማሪ፣ ለማቲው ሼፐርድ መታሰቢያ ነው። ሕዝብ ፊት ለብሶት ይሮጥ ነበር፤ እኛ ትርጉሙን ያወቅነው እሱ ሲነግረን ነው። ሆኪ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በ2021 ሉክ ፕሮኮፕ የሚባል የ19 ዓመት ልጅ፣ ከናሽቪል ቡድን ጋር ውል እያለው፣ ነገሩን በይፋ ተናገረ። በኤን ኤች ኤል ውል ሥር ሆኖ ይህን ያለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ያኔ ገና አንድም የሊጉን ጨዋታ አልተጫወተም። ሊጉ የተመሠረተው በ1917 ነው። ሂሳቡን ሥሩት። በ2023 ደግሞ ተጫዋቾች ዱላቸው ላይ ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ድጋፍ የሚያሳየውን ባለ ቀስተ ደመና ቴፕ እንዳይጠቀልሉ ተከለከለ። ትራቪስ ደርሞት የሚባል ተጫዋች ጠቅልሎ ገባ፣ ክልከላው በቀናት ውስጥ ተነሣ። በቴፕ እንዲህ የሚታመስ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው የሆቴል ሙሉ ዋጋ ቢከፍል አይገርምም።

ወደ ብሬክ ሩሙ ልምጣ። ይህን ሁሉ የምጽፈውም እዚያ ላሳለፍናት አንዲት ማታ ስል ነው።

ያን ቀን ደብል፣ ሁለት ፈረቃ በተከታታይ፣ ይዤ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ሌሊቱን እኛ ጋ አድረዋል። አሁን ማታ ነው፣ ጨዋታው በቴሌቪዥን ይታያል። ቫሌት የሚሠሩት፣ የእንግዳ መኪና የሚያቆሙት፣ ጋሼ አሉ። ሀውስኪፒንግ የሚሠሩት እትዬ አሉ። የሩም ሰርቪሱ ልጅ ሻይ እየጠጣ ነው። ሌላም ሌላም ሰው አለ። ጋሼ ሆኪ አይገባቸውም፣ በዱላ የምትመታዋን ጠፍጣፋ ጎማ፣ ፓኩንም፣ «ኳሱ» ነው የሚሉት፤ ማየት ግን ይወዳሉ።

ሁለቱ ግድግዳው ጥግ ተላተሙ። ዱላው ተጣለ፣ ጓንቱም ወለቀ። አሬናው በጩኸት ተናጋ። ኮሜንታተሩ እነዚህ ሁለት ሰዎች የምራቸውን ይጠላላሉ እያለ ያብራራል። ልብ ብዬ ሳይ ቡጢው ሁሉ የሚያርፈው ሄልሜቱ ላይ ነው። የእኛው ሰውዬ በግራ እጁ የአጥቂውን ማሊያ ደረቱ ላይ ጨብጧል። አጥቂው ተንሸራቶ ወደ ኋላ ሲወድቅ ማሊያውን አለቀቀውም። ጭንቅላቱ በረዶውን እንዳይመታ አድርጎ ቀስ ብሎ አወረደው፣ ከዚያ ተደረበበት። ዳኞቹ ገቡ። አምስት አምስት ደቂቃ ተፈረደባቸው። በየመስታወት ሳጥናቸው ገቡ፣ መሐላቸው ሰዓት ያዡ ተቀምጧል። ካሜራው ሲቀርብ የእኛው ሰውዬ ፊቱን በፎጣ ይጠርጋል። ፎጣው ሥር እየሳቀ ነው።

«ሌሊት ሁለት ስቴክ የበላ ሰው እንዴት አይማታ!» አለ የሩም ሰርቪሱ ልጅ።

አፉን ያዘ። ግን አምልጦታል።

እትዬ ዞር ብለው አዩት። «ሁለት መሆኑን አንተ በምን አወቅህ?»

«ማለቴ...» ልጁ እሳቸውን አየ። «እርስዎስ ለምን ደነገጡ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የእኔ ሥራ አልጋ ማንጠፍ ነው። ያልተተኛበት አልጋ ካገኘሁ እሰየው ብዬ በሩን እዘጋለሁ።»

አጥቂው ቡድኑ ፎቅ ላይ የተሰጠውን ክፍል ማለታቸው ነው። ይሄኔ ተያየን። እኔ ዝርዝሩን አውቃለሁ፣ ልጁ ሳህኑን ያውቃል፣ እትዬ አልጋውን። ሁላችንም ብቻችንን የያዝነው ምስጢር መስሎን ነበር። የሴት እርግዝና ከባሏ ቀድሞ የሚሰማ ሐበሻ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ወራቱን ሙሉ አፉን ዘግቶ ኖሯል። ቀስ ብለን ወደ ጋሼ ዞርን። እሳቸው ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም።

«ዝም ብላችሁ ኳሱን እዩ» አሉ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ሱፐርቫይዘር አለን። የእኛው አገር ሰው ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ ስለ እንግዳ ምስጢር ጥበቃ በስላይድ የሚያሠለጥነን እሱ ነው። የአራተኛ ፎቁ ቢል ላይ ሁለት እራት አየና ሴት ሸተተው። «ሴትየዋ ማን ናት?» ብሎ ሁላችንንም አደረቀን። መልስ ሲያጣ ራሱ አገኘ፦ ባር የምትሠራዋ ልጅ ናት። ማስረጃው ምንድን ነው? ሰውዬው አንዴ ጠቀም ያለ ቲፕ ትቶላታል።

ቢሮው ጠራት። ከእንግዳ ጋር ክፍል መግባት ያስባርራል። ፊቷ በርበሬ መስሎ ወጣች። የሚያናድደኝ እሱ ብቻ አይደለም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ከዚያ ቢሮ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ ደግሞ በራሷ ላይ ወሬ አትነዛም። ልጅቷን ነፃ ለማውጣት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ያች ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሁለት ሰው ታጠፋለች። እኔ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ጋሼ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ሱፐርቫይዘሩ ቢሮ ገቡ። በሩን አልዘጉም፣ ዴስክ ላይ ሆኜ ሰማሁ።

«ልጅቷ የእኔ ቤት ቤዝመንት ነው የምትኖረው። ማታ ማታ በእኔ መኪና ነው የምንሄደው። የት እንዳደረች መጠየቅ ከፈለግህ ባለቤቴን ልጥራልህ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«ልጥራት ወይስ ይቅር?»

ቀረ። ይቅርታ ግን አልጠየቃትም። ልጅቷ ብዙም ሳትቆይ ሌላ ሆቴል ገባች፤ አሁን ማኔጀር ናት፣ እሰይ። ጥር ሲደርስ ስላይዱ ያው ነበር።

ጋሼን አንድ ቀን ፓርኪንግ ውስጥ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ጋሼ አጥባቂ ናቸው፣ ዓርብና ረቡዕን አይስቱም። እንደ ብዙዎቻችን ይህን ነገር በመልካም ዓይን የሚያዩ ሰው አይመስሉኝም ነበርና ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ የልጆቹ ነገር ቅር አላለዎትም?»

«የትኞቹ ልጆች?»

«ያው... አራተኛ ፎቅ።»

ቁልፎቹን መስቀያው ላይ አንድ በአንድ ሰቀሉ። «እኔ የንስሐ አባት ነኝ?»

«አይደሉም።»

«ምንድን ነኝ?»

«ቫሌት።»

«በቃ። ቁልፍ ይሰጡኛል፣ ቁልፍ እመልሳለሁ።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ወደ ጥጉ በአገጫቸው አሳዩኝ። የሰውዬው ጥቁር ፒክአፕ ከዓምዱ ኋላ ቆሟል። ከመንገድ አይታይም፣ ለካሜራም አይመችም። «እዚያ የማቆምለት ሳይጠይቀኝ ነው» አሉ። «ሰውዬው ጥሩ ቲፕ ይሰጣል።»

ኋላ እትዬን ስጠይቃቸው ሰውዬው ለጋሼ የሚሰጠው ቲፕ እንደማንኛውም ሰው ነው አሉኝ።

ከዚያ ሆቴል ስለቅ ኬክ ተቆረሰልኝ። ሱፐርቫይዘሩ ንግግር አደረገ፣ ስለ ታማኝነቴ ብዙ አለ። ከዚያ ሰሃኑን እንደያዘ ወደ አይስ ማሽኑ ወሰደኝ።

«አሁንማ ወጥተሃል። እስቲ ንገረኝ፣ ያቺ የአራተኛ ፎቋ ሴትዮ ማን ነበረች?»

«ስም አልጠራም አለቃ። አንተው አይደለህ ያሠለጠንከን?»

«መልኳን እንኳ?»

«ረጅም ናት» አልኩት። «ሰፋ ያለ ትከሻ አላት። ሲያናድዷት ደግሞ ትማታለች።»

ሹካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ፣ የሚያውቃቸውን ሴቶች በሙሉ በየተራ ሲያስብ ይታየኛል።

«የባንኬት ክፍሏ ናት እንዴ?» አለኝ።