ኤደን የተባለው ሰፈር

ኦክላንድ ውስጥ ማረፊያ ስፈልግ ካርታው ላይ «ማውንት ኢደን» የሚል የሰፈር ስም አየሁና ሌላ ቦታ አላማረኝም። አዳምና ሔዋን የተባረሩበት ገነት ነው ትዝ ያለኝ። ከዱባይ 16 ሰዓት ገደማ በርረን ኒውዚላንድ ደረስን።

የመጀመሪያው ሌሊት የገነት አልነበረም። ሐምሌ እዚያም ክረምት ነው፤ ብርዱ በእንጨቱ ወለል ሥር እየገባ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ጋቢዬን ደርቤ እስኪነጋ ተቀመጥኩ። ጠዋት አከራዬ ማሞቂያውን ለመክፈት በየሌሊቱ 15 ዶላር እንድጨምር ጠየቀኝ። ቀድሞ አልነገረኝም ነበር። እንግዳ በብርድ እያደረ ሒሳብ የሚሠራበት ቤት እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ንዴቴን ያበረዱልኝ አጥራቸው ሥር አትክልት የሚቆርጡ አዛውንት ናቸው። ቆሜ የግቢያቸውን የጥቁር ድንጋይ ካብ ሳይ ሰላምታ ሰጡኝና ወሬ ጀመርን። ኢደን ገነት አይደለም፤ የሰው ስም ነው። ሎርድ ኦክላንድ ተብሎ የሚታወቀው ጆርጅ ኢደን የእንግሊዝ ሹም ሆኖ ሕንድን ያስተዳደረ ሰው ነው። ከተማዋ በማዕረጉ፣ ሰፈሩና እዚያው ያለው ኮረብታ በቤተሰቡ ስም ተጠሩ፤ እሱ ግን ኒውዚላንድን ረግጧት አያውቅም። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ኮረብታውን ማኡንጋፋው ይሉታል፤ የፋው ዛፍ ተራራ ማለት ነው። የፋው እንጨት ቀላል ስለሆነ ዓሣ አጥማጆች መረባቸው እንዳይሰምጥ ያስሩበት ነበር። «ማኡንጋዋው» ባልኩ ቁጥር አዛውንቱ «ፋው» እያሉ ሦስት ጊዜ አረሙኝ።

የካቡም ድንጋይ የዚያው ኮረብታ ልጅ ነው። ከ28,000 ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራው ፈንድቶ የወረደው ቅላጭ፣ ማለትም የቀለጠ ድንጋይ፣ ቀዝቅዞ ሰፈሩ የተቀመጠበት አለት ሆነ። ለእርሻና ለቤት መሬቱን የመነጠሩ ሰዎች የለቀሙትን ድንጋይ አጥር አደረጉት።

ከሰዓት በኋላ ኮረብታውን በእግሬ ወጣሁ። ከፍታው 196 ሜትር ብቻ ነው፤ ክፍያ የለውም። ማኦሪዎች ጎኑን ደረጃ በደረጃ ቆርጠው ሰፍረውበት ነበር፤ ስኳር ድንች ያከማቹባቸው ጉድጓዶች ዛሬም ይታያሉ። ጫፉ ላይ 50 ሜትር የሚጠልቅ፣ ሣር የለበሰ አፈ ገሞራ አለ። እኔ የቢሾፍቱ ልጅ ነኝና ዓይኔ ውሃ ፈለገ። በእኛ ከተማ ቅላጩ ከመሬት ውስጥ ውሃ ጋር ተገናኝቶ ምድሩን እየፈነቀለ ጉድጓዶቹን ስለከፈተ፣ ሆራና ባቦጋያ ሐይቅ ሆነው ቀሩ። ይህኛው ግን ከመሬት በላይ የተቆለለ፣ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ቀይ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡ ሰርጎ ይጠፋል።

ጉድጓዱ የማታአሆ ገበቴ ይባላል፤ ማታአሆ በማኦሪዎች እምነት በምድር ውስጥ የተሰወረውን የሚጠብቅ ነው። ቦታው ቅዱስ ስለሆነ ወደ ውስጥ አይገባም። ሁለት ጎረምሶች ግን እየተንሸራተቱ ወረዱ። በኢሬቻ ዕለት ሰው እርጥብ ሣር ይዞ የሚያመሰግንበት የሆራ ዳርቻ ታየኝና ደሜ ፈላ።

የእኛም ከተማ ደብረ ዘይት ተብላ ነበር። በልጅነቴ ደብዳቤ ላይ የምጽፈው ያንን ነው፤ አያቴ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ቢሾፍቱ ከማለት አልወጡም። ቢሻን በኦሮምኛ ውሃ ነው።

ስመለስ አዛውንቱ ከአጥራቸው ሥር አልነበሩም። ተዘግቶ እንደገና የተሠራው የማውንት ኢደን ባቡር ጣቢያ አሁን ማኡንጋፋው መባሉን የነገሩኝም እሳቸው ነበሩ። ካቡን በእጄ ዳስሼ ስሙን አንድ ጊዜ በትክክል ጠራሁትና ወደ ቀዝቃዛው ክፍሌ ሄድኩ።