ከ«ዴሞን ስሌየር» ወደ አሺካጋ፦ ፉጂን በአበባው ወቅት ለማየት

«ዴሞን ስሌየር» የተባለውን የጃፓን አኒሜ (የካርቱን ፊልም) የተመለከተ ሰው፣ የሰይፍ ፍልሚያውን ቢረሳ እንኳ ከላይ ወደ ታች ተንጠልጥሎ የሚያብበውን ሐምራዊ አበባ አይረሳም። ጃፓኖች ፉጂ ይሉታል፤ በሌላው ዓለም ዊስቴሪያ በመባል ይታወቃል። በኮዮሃሩ ጎቶጌ ተደርሶ ከ2016 እስከ 2020 በሳምንታዊ መጽሔት በወጣው፣ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ በአኒሜ በቀረበው በዚህ ታሪክ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጋኔኖች ፉጂ ካለበት አይደርሱም። ወጣቱ ታንጂሮ የጋኔን አዳኞችን ፈተና የሚወስድበት ተራራ ከግርጌው እስከ ወገቡ ዓመቱን ሙሉ በፉጂ የተሸፈነ በመሆኑ፣ በላዩ የታሰሩት ጋኔኖች መውረድ አይችሉም፤ ተፈታኞቹም አበባውን አልፈው ከወጡ በኋላ ሰባት ቀን በሕይወት መቆየት ይጠበቅባቸዋል።

የምኖረው በቶኪዮ ካትሱሺካ በሚባለው፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሰፈሩበት ወረዳ ነው። ልጄ ይህን አኒሜ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር እያየች ስላደገች «ያ ተራራ የት ነው?» ብላ መጠየቋን አላቋረጠችም። ተራራው ልብ ወለድ ነውና በየትኛውም ካርታ ላይ አይገኝም። ሆኖም በፉጂ ሥር የመቆምን ስሜት የሚሰጡ ቦታዎች በጃፓን ጥቂት አይደሉም፤ ከእነርሱም መካከል በቶቺጊ ክፍለ ግዛት የሚገኘውን አሺካጋ ፍላወር ፓርክን መረጥሁ። ምክንያቴ ቅርበቱ ብቻ አልነበረም። ከ350 በላይ የፉጂ ተክሎች ስላሉትና ማታ ማታ በመብራት ስለሚታይ፣ በአኒሜው የሌሊት ትዕይንቶች ፍቅር ለተያዘች ልጅ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ከሁሉ በላይ ያደከመኝ ቀኑን መምረጥ ነበር። በአኒሜው ፉጂ ሁልጊዜ ያብባል፤ በእውነቱ ዓለም ግን አንዱ ዓይነት በድምቀቱ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ሲሆን፣ ቀለሞቹም ተራ ይዘው ይመጣሉ። ፈዘዝ ያለው ሮዝ በሚያዝያ አጋማሽ፣ ዝነኛው ሐምራዊ በሚያዝያ መጨረሻ፣ ነጩ በግንቦት መጀመሪያ፣ ቢጫው ደግሞ ከሁሉም በኋላ ይደርሳል (ወሮቹም የአውሮፓውያን ናቸው)። ቢጫው በመልኩ ይመሳሰል እንጂ በሥነ ዕፀዋት የሌላ ወገን ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው የትኛውንም በድምቀቱ ላያገኝ ይችላል። እኛ የፈለግነው ሐምራዊውን ስለነበር፣ መናፈሻው ስለ አበባው ሁኔታ የሚሰጠውን ማስታወቂያ ለሳምንታት ተከታተልሁ። ሙቀት ቀደም ብሎ ሲገባ አበባው ይቸኩላል፤ ብርድ ሲራዘም ይዘገያል። ስለዚህ ቀኑን ከወራት በፊት ቆርጦ ማረፊያ መያዝ አይመከርም። በዚያ ላይ ከሚያዝያ 29 እስከ ግንቦት 5 ያለው ወርቃማ ሳምንት የሚባለው የበዓላት ጊዜ ከሐምራዊው ድምቀት ጋር ስለሚገጣጠም ሕዝቡ ያለ ልክ ይበዛል። እኛ ከዚያ ሳምንት በፊት በነበረ ቅዳሜ ሄድን፤ አዘቦት ቀን ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከዚያም የተሻለ ይሆን ነበር። የመግቢያው ዋጋም እንደ አበባው ሁኔታ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በድምቀቱ ሰሞን ለአዋቂ ከ2000 የን በላይ መያዝ ይገባል። አበባው ሳይፈነዳ የገባ ብዙ እንዳይከፍል መደረጉ ቅን አሠራር ይመስለኛል።

መጓጓዣው አያስቸግርም። በቶኪዮ ካለው የኡዌኖ ባቡር ጣቢያ በኡትሱኖሚያ መስመር ኦያማ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዞ፣ ከዚያ ወደ ርዮሞ መስመር መቀየር ይበቃል። በ2018 የተከፈተው የመናፈሻው ስም ያለው ጣቢያ ከበሩ የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ብቻ ነው።

ወደ ውስጥ ስንገባ ልጄ በአኒሜው ያየችውን ጫካ ስትፈልግ፣ እኔ ግን ዐይኔ ያረፈው በእንጨቱ ርብራብ ላይ ነበር። የታላቁ ፉጂ ግንድ አንድ ሲሆን፣ ቅርንጫፎቹ 1000 ካሬ ሜትር ገደማ በሚሸፍን ርብራብ ላይ ተዘርግተዋል፤ ከሥሩ ሰው እንደ ሰርግ ዳስ ተጠግቶ ይቆማል። ይህ ተክል ከ150 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ መጀመሪያ የነበረው ሃያካዋ በሚባል የእርሻ ቦታ ነው። የቀድሞው ቦታ ለከተማ ልማት በመፈለጉ መነሳት ግድ ሆነበት። ይህን ያህል ግዙፍ ፉጂ ነቅሎ መትከል አይሞከርም ይባል በነበረበት ዘመን፣ ኃላፊነቱን የወሰዱት በጃፓን የመጀመሪያዋ ሴት የዛፍ ሐኪም ኮናሚ ትሱካሞቶ ናቸው። ሁለት ዓመት ያህል ሲዘጋጁ ቆይተው፣ ግንዱ በጉዞ እንዳይጎዳ እንደ ተሰበረ እግር በጄሶ አስጠቅልለው፣ በ1996 ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል አጓጉዘው ተከሉት። መናፈሻው በተከታዩ ዓመት ተከፈተ። በአኒሜው ተራራ ፉጂን ማን እንደሚገርዘው አይነገርም፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ዘለላ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ያደረገው የሰው እጅ መሆኑ ግልጽ ነው። ይህን ታሪክ ሳልሄድ አንብቤ ባልሆን ኖሮ ተክሉን በፎቶ አንስቼ ብቻ አልፌው እሄድ ነበር። ስለዚህ ከልጆች ጋር የሚሄድ ወላጅ ይህን ቀድሞ እንዲያውቅ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ልጄ ዛፉ ጄሶ እንደታሰረለት ስነግራት ከጋኔኖቹ የበለጠ ጥያቄ አዥጎደጎደችብኝ።

ጋኔን የሚሸሸውን አበባ ንቦች ግን ይወዱታል። ደረታቸው ቢጫ ጠጉር የለበሰ ትልልቅ ጥቁር ንቦች ከዘለላ ወደ ዘለላ እየተዘዋወሩ ያጉረመርማሉ፤ ልጄም መጀመሪያ ከኋላዬ ተደበቀች። እነዚህ ካልተያዙ በስተቀር ሰው የማይነኩ፣ ወንዶቹም ጭራሽ መናደፊያ የሌላቸው ናቸው። ጥንቃቄ የሚያሻው በኋላ ላይ የሚያፈራው ቆባ ነው፤ የፉጂ ፍሬ ሲበላ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለውና ትንንሽ ልጆች እንዳይቀምሱት መጠበቅ ይገባል። በአኒሜው ሺኖቡ ኮቾ የተባለችው የጋኔን አዳኝ ከዚሁ ተክል መርዝ መቀመሟ እንግዲህ ሙሉ በሙሉ ከአየር የተወሰደ ሐሳብ አይደለም። እናቴ በስልክ ምስሉን አይታ «ጋኔን የሚያባርር አበባ? ታዲያ ጤና አዳም ምን አደረገ?» አለችኝ። ልጄ ግን «አያቴ፣ ይሄ የጋኔን አዳኞቹ ነው!» ብላ መለሰችላት። ለሚጾሙ አንድ ማሳሰቢያ ላክል፦ በዚያ ወቅት ፋሲካችን በአንዳንድ ዓመት ገና ስለማይደርስ፣ በየመደብሩ የሚያስጎመጀው የፉጂ ጣዕም ያለው አይስክሬም ወተት እንደሆነ አስቀድሞ ለልጅ መንገር ጠብን ያስቀራል።

የገባነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ቀን በብርሃን የፉጂው መዓዛና ቀለም ይታወቃል፤ ከ«ዴሞን ስሌየር» ጋር የሚያገናኘው መልክ ግን የሚመጣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ማለትም ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ወዲያ ነው። ከታች የሚበሩት መብራቶች ዘለላዎቹን ከጥቁሩ ሰማይ ለይተው ያወጧቸዋል፤ በኩሬው ውኃም ሁለተኛ ዳስ ይፈጠራል። የታንጂሮን አረንጓዴና ጥቁር ዳማ ካባ የለበሱ ሕፃናት በየጥጉ ሲሯሯጡ ስናይ፣ ልጄ ቆማ «እማዬ፣ እዚህ አይገቡም» አለችኝ፤ እነማን እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ፎቶን በተመለከተ የተማርሁት፣ ከአኒሜው አንዱን ትዕይንት መርጦ ልክ እንደዚያው ለማንሳት መታገል ጊዜ ከማባከን እንደማያልፍ ነው፤ ሰዓሊዎቹ ሰው የሌለበትን ጫካ ሲስሉ፣ በአሺካጋ ግን በየምስሉ የሰው ጭንቅላት አለ። ስልኩን ዝቅ አድርጎ ወደ ላይ ማንሳት ሕዝቡን አስቀርቶ ዘለላዎቹን ብቻ ይዞ ይወጣል። መተላለፊያውን ዘግቶ መቆም ግን ሌሎችን ስለሚያስቀይም፣ አንሺው ጨርሶ ወዲያው ፈቀቅ ማለት ይኖርበታል። 80 ሜትር ርዝመት ያለው የነጭ ፉጂ ዋሻ በዚያን ቀን ገና በከፊል እንጂ አልፈነዳም ነበር፤ ነጩን የፈለገ ሰው ከእኛ ቢያንስ ሳምንት ዘግይቶ መሄድ አለበት፤ ሐምራዊው ግን በዚያን ጊዜ መርገፍ ይጀምራል።