ለቆራሌው ያልሰጠሁት

ቅዳሜ ዕቃ ቤት ሳጸዳ አሮጌው 486 ኮምፒውተሬ ብቅ አለ። ለቆራሌው ልሰጠው ደጅ ካወጣሁት በኋላ እጄ አላስችል አለኝ፣ ካቻቢቴ አምጥቼ ከፈትኩት። ረጃጅሞቹ ጥቁር ስሎቶች (የካርድ መሰኪያዎች) ከነአቧራቸው ቁጭ ብለዋል። አይኤስኤ የሚባሉት! ስንት ሌሊት እንቅልፍ አሳጥተውኛል።

ሳውንድ ካርድ፣ ሞደም፣ የኔትወርክ ካርድ፣ ሁሉም የሚሰካው እዚያ ላይ ነበር። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ ስሎቶቹ በአንዴ የሚያሳልፉት 8 ቢት ዳታ ነበር፤ በ1984 አጭር ቁራጭ ተቀጠለላቸውና 16 ቢት ሆኑ። ስሎቱ ለሁለት የተከፈለ የሚመስለው ለዚህ ነው፣ ረጅሙ 62፣ አጭሩ 36 የብረት ጥርስ አለው። ፍጥነታቸው ግን 8 ሜጋኸርዝ አካባቢ ቀረ። የእኔ ፕሮሰሰር 66 ሲሮጥ እነሱ እዚያው ናቸው።

ፍጥነቱስ ይሁን። የሚያናድደው ጃምፐሩ ነው። ካርዱ ፕሮሰሰሩን በየትኛው የኢንተራፕት (የጥሪ) ቁጥር እንደሚጠራ የምትወስነው አንተ ነህ፣ ያውም ከምስር ብዙም የማትበልጥ የፕላስቲክ ቆብ ከአንዱ ፒን ነቅለህ ሌላው ላይ በመሰካት። የእኔ ሳውንድ ካርድ 7 ላይ ነበር። ፕሪንተሩም 7። አይኤስኤ ላይ ደግሞ አንድ ቁጥር ለሁለት መጋራት ጣጣ ነው፤ ፕሪንት ሳዝ ዘፈኑ አንድ ቃል ላይ ተቸክሎ ያንኑ ይደጋግማል። ወደ 5 ላዛውረው ብዬ ጃምፐሩን በወረንጦ ስይዘው ተስፈንጥሮ ጠፋ። እስከ እኩለ ሌሊት በባትሪ ምንጣፍ ለምንጣፍ ዳኸሁ። ጠዋት እናቴ ስትጠርግ አገኘችውና «ይሄ የየትኛው ሸሚዝህ ቁልፍ ነው?» አለችኝ።

በ1993 ራሱ ቁጥሩን የሚመርጥ ካርድ መጣ ተባለ። ለእኔ ሰክቶ ስለት መሳል ነበር።

የሚገርመኝ ግን ስሙ ነው። አይቢኤም በ1987 በሌላ ስሎት ሊተካው ፈለገ፤ የድሮ ካርድ አይቀበልም፣ ሌላው አምራች ሊጠቀምበት ቢፈልግ ደግሞ ክፍያ አለው። በኮምፓክ የሚመሩ ዘጠኝ ኩባንያዎች እምቢ ብለው በ1988 የድሮውን ካርድ የሚቀበል የራሳቸውን አወጡ። ለድሮው ስሎት አይኤስኤ የሚለው ስም የወጣለትም ያኔ ነው። ልጁ የአይቢኤም፣ ስም አውጪዎቹ ጎረቤቶች! መጨረሻ ላይ ሁሉንም ያባረራቸው ፒሲአይ የተባለው የኢንቴል ስሎት ነው።

ቆራሌው ሲመጣ ሳጥኑን ብቻ ሰጠሁት። ሳውንድ ካርዱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ጃምፐሩም 5 ላይ።