ለሐዋሳ ሚኒ ሚዲያ ተማሪዎች ማጣራትንና መዘገብን አብሬ ያስተማርኩበት መንገድ

መጀመሪያ ሁለቱን ለያይቼ ነበር የጀመርኩት፤ አራት ሳምንት መረጃ ማጣራት፣ ከዚያ በስልክ ዘገባ መሥራት። አልሠራም። ልጆቹ የሐሰተኛ መረጃን ትርጉም በቃላቸው ይዘው፣ ማታ ቴሌግራም ላይ ያገኙትን ሳያጣሩ ያስተላልፉ ነበር። ነገሩ የተስተካከለው ሁለቱን ሳቀላቅል ነው። ፎቶ በገዛ እጁ ቆርጦ የሚያውቅ ልጅ የተቆረጠ ፎቶ ሲያይ ቶሎ ይጠረጥራል።

አሁን የምጀምረው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ነው። 24 ተማሪ፣ 6 ስልክ፤ ለአራት አንድ። ሦስቱ ቡድን ገበያው ጭር ያለ፣ ሦስቱ ደግሞ የተጨናነቀ አስመስለው ያነሣሉ፤ አንድም ነገር ማንቀሳቀስ ክልክል ነው። ራቅ ብሎ በዙም የሚያነሣው ሰዉን አደራርቦ ያሳያል። ከጎን ሆኖ ሐይቁን የሚይዘው ሁለት አጥማጅና አንድ አባ ኮዳ የተባለ ትልቅ ወፍ ብቻ ያገኛል። ፎቶዎቹ የተነሡት በአንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። ጎን ለጎን አስቀምጬ «ፍሬሙ ውስጥ ያልገባው ምንድን ነው?» እላቸዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ የማስደጋግማቸው ጥያቄ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ልምምድ «ፈተና ወጣ» የሚለውን የቴሌግራም ወሬ ይመለከታል። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና በእርግጥ አፈትልኮ ስለነበር «ሁሉም ውሸት ነው» ብሎ ማለፍ አያሳምናቸውም። ስለዚህ ማታለያውን ራሳቸው ይሠሩታል። በሙከራ የቴሌግራም ቻናል ላይ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ማንኛውንም ፎቶ ይለጥፋሉ፤ 5 ሰዓት ላይ ኤዲት ብለው ጥያቄ በተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ፎቶ ይተኩታል። መልእክቱ የሚያሳየው የጠዋቱን ሰዓት ነው፤ ጥያቄው ከፈተናው በፊት የወጣ ይመስላል። የሚያጋልጠው ከሰዓቱ አጠገብ ያለችው «ኤዲትድ» የምትል ትንሽ ጽሑፍ ናት፤ እሷም ስክሪንሾት ሲቆረጥ ትጠፋለች። ከዚህ በኋላ ልጆቹ ስክሪንሾትን እንደ ማስረጃ አይቀበሉም።

ቀን ላይ ብዙ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። «2012» የሚል ጽሑፍ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ የፈረንጆቹ 2019 ወይም 2020 ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ደግሞ የእኛ 2004 ወይም 2005። ስልክ ላይ 03:00 የሚለውም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የቆየ ፎቶ እንደ አዲስ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ በዚህ ክፍተት ነው።

በጉግል ሌንስ ሲፈልጉ የቻናሉን ስምና የስልኩን ጠርዝ ቆርጠው ምስሉን ብቻ ያስገቡ፤ አለበለዚያ ፍለጋው ጽሑፉን ይከተላል። ልጆች በጣም የሚሳሳቱት ውጤት ሲያጡ ነው። «አልተገኘም» ማለት «አዲስ ነው» ማለት አይደለም፤ ዝግ ግሩፕ ውስጥ የሚዘዋወር ምስል ፍለጋው ላይ አይወጣም።

ቀረጻ ላይ ምስልን ሳይሆን ድምፅን አስቀድሙ። የደበዘዘ ምስል ይታለፋል፤ የማይሰማ ቃለ መጠይቅ ግን ይጣላል። ስልኩ ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ቀራጩ ጀርባውን ለንፋሱ ይስጥ። የባጃጅ ድምፅ ከንግግር ጋር ከተቀዳ በኋላ ማውጣት ከባድ ስለሆነ ከመንገድ ይራቁ። የቦታውን ድምፅ ብቻ 30 ሰከንድ ይቅዱ፤ ኤዲት ሲደረግ መጋጠሚያውን ይሸፍናል። እያንዳንዱ ቀረጻ ሳይንቀሳቀስ 10 ሰከንድ ይቆይ፦ ዓሣ የሚበልተው እጅ፣ ፊቱ፣ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ። ከመውጣታቸው በፊት ስልኩ ላይ 2 ጊጋባይት ባዶ ቦታ መኖሩን አረጋግጣለሁ፤ ብዙ ስልኮች በ1080 ጥራት ለአንድ ደቂቃ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይወስዳሉ፣ ሲሞላ ደግሞ ቀረጻው መሐል ላይ ይቆማል።

ገበያው ውስጥ የሚሠሩ ሕፃናትን ፊት አንቀርጽም። አዋቂውንም ቢሆን ለምን እንደምንቀርጸውና የት እንደሚሰማ ነግረን፣ እሺ ሲል ብቻ ነው።

የተጠናቀቀው ዘገባ ከ2 ደቂቃ አይበልጥም፤ በረፍት ሰዓት ይተላለፋል። ስህተት ከተገኘ እርማቱን በማግስቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ ዘገባውን የሠራው ልጅ ራሱ ያነበዋል።