ሲግናል ፕሮሰሲንግን በየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

ዲጂታል ሲግናል ፕሮሰሲንግ (ድምፅንና ምስልን የመሳሰሉ ሲግናሎችን በቁጥር ቀይሮ በኮምፒውተር ማቀነባበር) ልማር ብዬ መጀመሪያ የያዝኩት ጓደኛዬ ያዋሰኝን ወፍራም መጽሐፍ ነው። ኮንቮሉሽን (ፊልተር በሲግናል ላይ የሚሠራበት የማባዛትና የመደመር ስሌት) ምን እንደሆነ በቅጡ ሳይገባኝ ዜድ ትራንስፎርም የሚባለው ከበድ ያለ ሒሳብ ላይ ደረስኩና ለወራት ዘጋሁት።

ከዚያ የስቲቨን ስሚዝን መጽሐፍ አገኘሁ፣ እሱም ራሱ ደራሲው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያስቀመጠው ነው። ኮምፕሌክስ ቁጥሮችን የሚያስተምረው ምዕራፍ 30 ላይ ነው! እስከዚያ ድረስ ብዙውን ነገር በተራ ቁጥርና በሥዕል ያስረዳል። እኔም ደብተሬ ላይ 2፣ 8፣ 5፣ 2 ብዬ ሲግናል ጻፍኩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አማካይ 5። አንድ ናሙና (ማለትም አንድ ቁጥር) ወደፊት ሄጄ 8፣ 5፣ 2፣ አሁንም 5። ዝላዩ ጠፋ፤ ያ እኮ ሎው ፓስ ፊልተር ነው፣ ዝግ ያለውን ለውጥ አሳልፎ ፈጣኑን የሚቀንስ። ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። የምሳሌ ኮዶቹ በቤዚክ ስለተጻፉ ወደ ፓይተን መቀየር ነበረብኝ፣ እሱም ራሱ ጥሩ ልምምድ ሆነኝ።

የኦፐንሃይምና የሼፈር መጽሐፍስ? ግሩም ነው፣ ግን ካልኩለስና ኮምፕሌክስ ቁጥር ላይ እጃችሁ ከተፍታታ በኋላ ያዙት።

መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ስለ ኤልያሲንግ (ናሙናው ሲያንስ ከፍ ያለ ድምፅ ዝቅ ያለ መስሎ መምጣቱ) የሚያወራውን ገጽ ግለጡ። በሰከንድ 8000 ናሙና ስንወስድ፣ ድምፁን አስቀድመን በፊልተር ካላጣራነው፣ የ5000 ኸርዝ ድምፅ 3000 ኸርዝ መስሎ ይመጣል። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ሁለቱን ሞገዶች ደራርቦ ካላሳያችሁ፣ በቀመር ብቻ ካለፈው፣ ሌላ ፈልጉ።