የእባቡ ቤት

ደሴ፣ ኅዳር 18

ዛሬ ማለዳ እንደተነሣሁ የእባቡን ሣጥን ሁለት ቴርሞሜትሮች አነበብኩ፤ በሞቃቱ ጥግ 30፣ በቀዝቃዛው ጥግ 23 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይላሉ። የክፍሌ አየር ግን 13 ነበር፤ ጦሳ ተራራ ሥር የተኛ ከተማ በኅዳር ሌሊት ከዚህ የተሻለ ሙቀት አይጠበቅበትም።

እባቡ የኮምቦልቻ ነው። በአክስቴ የእህል ጎተራ አጠገብ ጎረቤቶች በአካፋ ሲመቱት ደረስኩና ጎኑ እንደ ቆሰለ በክዳን ባልዲ ይዤው መጣሁ። ባዮሎጂ አስተማሪ በመሆኔ፣ መርዝ የሌለውና አይጥ እየበላ የሚኖር ቡናማ የቤት እባብ መሆኑን ለመለየት አልተቸገርኩም፤ ቁስሉ ሲድን ወደተገኘበት ልመልሰው አስቤ ነው የያዝኩት። የሐረጎን ዳገት የሚያካትተው የ25 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ከ1,850 ሜትር አካባቢ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ እንደሚያወጣው ግን በወቅቱ ልብ አላልኩም ነበር። የሰውነቱን ሙቀት ከአካባቢው የሚያገኝ እንስሳ ሲበርደው የዋጠው አይፈጭለትም፣ ያስመልሰዋል፤ ቁስሉም ቶሎ አይጠግግም።

ስለዚህ ብርዱን ብቻ ፈራሁ። ከኮምፔንሳቶ የሠራሁትን፣ ፊቱ መስታወት የሆነ 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሣጥን ክፍተቱን ሁሉ በስኮች ደፍኜ፣ ከጣሪያው መሐል 60 ዋት አምፖል አንጠለጠልኩ። ሣጥኑ ከዳር እስከ ዳር 32 ዲግሪ ሆነ፤ እኔም ደስ አለኝ። በአምስተኛው ቀን መስታወቱ በላብ ተሸፍኖ፣ እባቡ ከውኃው ሳህን ውስጥ አልወጣ ብሎ፣ አፉን ገርበብ አድርጎ ሲተነፍስና አፍንጫው ላይ አረፋ ሲታይ ግን ደነገጥኩ፤ የመተንፈሻ አካል ሕመም ምልክቱ ይኸው ነውና። እናቴ፣ ክፍሌን ከደፉ አልፋ የማትገባው፣ ከበሩ ላይ ሆና «ልጄ፣ ማድ ቤት እንኳ በሩ ከታች፣ የጭሱ መውጫ ከላይ ነው፤ አንተ ይህን ፍጥረት አፈንከው» አለችኝ። ሞቃት አየር ወደ ላይ እንደሚወጣ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስረዳው እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሁሉንም አፈረስኩ። አምፖሉን ወደ 40 ዋት ቀንሼ ወደ አንድ ጥግ ወሰድኩት፤ የቤት እባብ የሌሊት እንስሳ ስለሆነ ብርሃኑ እንዳያውከው በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከተትኩት፤ ጣሳውንም በሽቦ ወንፊት ዙሪያውን ከለልኩት፤ ምክንያቱም እባብ ሆዱ እየተቃጠለ እንኳ ከጋለ ነገር ላይ ሳይነሣ ሊቆይ ይችላል። ከጣሳው ሥር የምጣድ ስባሪ አነጠፍኩ፤ መብራት ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ሙቀቱን ይይዛል። በሌላው ጥግ ምንም ማሞቂያ የለም፤ እባቡ ሲበርደው ወደ አንዱ፣ ሲሞቀው ወደ ሌላው ይሄዳል፤ በሁለቱም ጥግ መደበቂያ አለው። መጀመሪያ የነፈግሁት ይህንን ምርጫ ነበር።

ለአየሩ፣ በቀዝቃዛው ጥግ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ስድስት፣ በሞቃቱ ጥግ ከጣሪያው ዝቅ ብሎ አራት ቀዳዳ በስቼ ሁሉንም በወንፊት ሸፈንኩ። ሞቃቱ አየር ከላይ ሲወጣ ቀዝቃዛውን ከታች ይስባል። ለማረጋገጥ እባቡን በባልዲ ወደ ሳሎን አውጥቼ (እናቴ ይህን አታውቅም) የሚጨስ ዕጣን በታችኞቹ ቀዳዳዎች አጠገብ ያዝኩ፤ ጢሱ ቀስ ብሎ ገባ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም በላይኞቹ ቀዳዳዎች ወጣ።

ብዙ የፈተነኝ፣ ሙቀቱን እየለካ አምፖሉን የሚያበራውና የሚያጠፋው ቴርሞስታት ነው። ከጫጩት መፈልፈያ ዕቃ ሻጭ የገዛሁት ሲሆን፣ የሙቀት መለኪያ ሽቦውን ከጣሳው አጠገብ ከፍ አድርጌ ስላሰርኩት የላይኛውን አየር እያነበበ አምፖሉን ቀድሞ ያጠፋው ነበር፤ እባቡ የሚተኛበት ወለል ከ25 አልፎ አልሞቀም። ሽቦውን ወለሉ ላይ፣ ከምጣዱ ስባሪ ጠርዝ ጋር ሳስረው ነገሩ ተስተካከለ። ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ ግን የመብራቱ ኃይል ወርዶ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ያኔ ቴርሞስታቱ ሳያጠፋው ቢውልም ሙቀቱ 27 ላይ ይቆማል፤ እስከ እኩለ ቀን እታገሣለሁ። መብራት ጭራሽ ሲሄድ ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውኃ በጨርቅ ጠቅልዬ በሞቃቱ ጥግ አኖራለሁ፣ ሣጥኑንም ቀዳዳዎቹን ሳልሸፍን ጋቢ አለብሰዋለሁ። እንዲህ ባለ ቀን አላበላውም።

አረፋው ከጠፋ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ከትናንት በስቲያ አንድ አይጥ ዋጠ፤ ሌሊቱን ምጣዱ ስባሪ ላይ አድሮ ሲነጋ ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ሲሳብ አየሁት። ብርዱ በታኅሣሥ ስለሚብስ፣ ነገ ከላይኞቹ ቀዳዳዎች አንዱን በስኮች ሸፍኜ መስታወቱ ያልበው እንደሆነ አያለሁ።